ከእማዬ ድምፅ ጀርባ ያለችው ወፍ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለአጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ የአባዬን ወንበር ባዶውን ከማየት በቀር ደህና ነኝ። የሐዘን ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «ለቀብሩ ስላልደረስኩ ይቅር በይኝ» የሚለውን ሦስት ቦታ ጽፈውታል፤ አንዱ ይበቃ ነበር። አባዬ ራሱ ቢሰማ «ወፎቹን ለማን ጥሎ ይመጣል?» ብሎ ይቀልድብዎ ነበር እንጂ አይቀየምም።

ምን ትቶልሽ ሄደ ብለው ጠይቀውኛል። ሱቁን ትቶልኛል። የሬዲዮ ሬሳ የታጨቀባቸው መደርደሪያዎች፣ አንድ እግሩ የሚወላገድ ጠረጴዛና ደንበኞቹን ሁሉ ወርሻለሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ጌታው የሉም?» እያሉ ዕቃቸውን አቅፈው ይመለሱ ነበር። አሁን «ብሎን፣ ይቺን እስቲ እያት» ማለት ጀምረዋል። ስሙን ያወጣልኝ አባዬ መሆኑን ያውቃሉ፤ ልጅ ሆኜ ብሎን እየለቀምኩ አፌ ውስጥ እከት ስለነበር ነው።

ሌላም ነገር ትቷል፤ የምጽፍልዎ ስለሱ ነው። የተበላሹ ድምፅ ማጉያዎች የሚያስቀምጥበት ሣጥን ሥር አንድ ካሴት አገኘሁ። ላዩ ላይ ምንም አልተጻፈበትም። አጫወትኩት። እማዬ ናት። ድምፅዋን አስታውሼው አይደለም፤ ትታን ስትሄድ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም። ግን ገና «ልጄ» ስትል ተነሥቼ የሱቁን በር ዘጋሁት።

እንዲህ ነው የምትለው፦ «ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ሥራ አግኝቻለሁ። ጠዋት ጠዋት መስኮቴ ሥር አንዲት ትንሽ ወፍ ትዘምራለች፤ ስሚያት እስቲ። ወደ እኔ መምጣት ስትፈልጊ ለአባትሽ ንገሪው፣ ቦታውን ያውቀዋል።» ከዚያ ዝም ትላለች፤ ካሴቱ እስኪያልቅ የምትዘምረው ወፏ ብቻ ናት።

ቦታውን የሚያውቀው ሰው አፈር ለበሰ። ለእኔ የነገረኝ ለእርስዎም የጻፈልዎትን ያንኑ ነው፤ «ባህር ተሻግራ ሄደች፣ ረሳችን»። ካሴቱን ለምን እንደ ደበቀኝ አላውቅም። ለምን እንዳልጣለው ግን አውቃለሁ፤ አባዬ የሚሠራ ዕቃ አይጥልም።

የቸገረኝ ይህ ነው። ዓምና አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሬዲዮ ሊያሠራ መጥቶ «ሐይቁ ዳር የደንገል ምንጣፍ ከሚሠሩት ሴቶች አንዷ ቁርጥ አንቺን ይመስላሉ፤ አክስት አለሽ እንዴ?» ብሎኝ ነበር። ያኔ ስቄ አለፍኩት። ካሴቱን ከሰማሁ ወዲህ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ሐይቁ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ሻንጣዬን አዘጋጅቻለሁ። ልሂድና በየደጁ «እናቴን አይታችኋል?» ልበል? ወይስ እሷ ባህር ማዶ ሳለች እዚህ የሰው መሳቂያ ልሁን?

እርስዎ ባህር ማዶ ሆነው ዕድሜዎን በወፍ ጥናት የጨረሱ ሰው ነዎት። ካሴቱን አጥርቼ ገልብጬ ልኬልዎታለሁ። ወፏ ምን እንደ ሆነች፣ የት እንደምትኖር ቢነግሩኝ እማዬ የት ሆና እንደ ቀዳችው አውቃለሁ። መልስዎን ሳላገኝ አልንቀሳቀስም። አደራ።

ልጅዎ ብሎን


ኅዳር 14

ልጄ ብሎን፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ። ካሴቱ የመጣ ቀን ሙዚየሙ ውስጥ ያለችኝን ጠባብ ክፍል ዘግቼ ስሰማው ዋልኩ። የወንድሜ ሚስት ድምፅ ሲመጣ ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ። ሠርጋቸው ሳምንት እንደ ሞላው ነው የተለየኋቸው፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

መልሴ ሲዘገይብሽ በላክሻት ሁለተኛ ደብዳቤ «ወፍ ሁሉ ወፍ አይደለም ወይ፣ ምን ይህን ያህል ያስቆያል?» ብለሽ ተቆጥተሽኛል። ሬዲዮ ሁሉ ሬዲዮ ነው ብልሽ ምን ትይኛለሽ? ያንቺዋ ወፍ ለመለየት ከሚያስቸግሩት አንዷ ናት። ጀርባዋ ቡናማ፣ ሆዷ የፈዘዘ፣ ከዓይኗ በላይ አለ የለም የሚያሰኝ ነጭ መስመር አላት። ክብደቷ ከዚህ ደብዳቤ አይበልጥም። ፍጹም የምትመስላት ዘመድ አለቻት፤ የሁለቱን ደረቅ ሬሳ ጎን ለጎን አስተኝቼ የእግራቸውን ቀለም በማጉያ መነጽር እያየሁ ነው የሸበትኩት። ሲዘምሩ ግን ይለያሉ። ያንቺዋ የሌሎች ወፎችን ድምፅ እየሰረቀች ነው የምትዘምረው፤ ከአንዱ ቁራጭ፣ ከሌላው ቁራጭ። በእኛ ቋንቋ ስም ስላላገኘሁላት «የደንገል ዘማሪ» እላታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ይቺ ወፍ ተጓዥ ናት። እዚህ ብርዱ ሲጠና ወደ እናንተ ትወርዳለች። ጎጆዋን የምትሠራው፣ የምትፈለፍለውና የምትዘምረው ግን እዚህ፣ በእኛ በጋ ነው። እናንተ ዘንድ ስትሆን ጭጭ ትላለች፤ መጽሐፉ እንዲያ ይላል። ካሴቱ ላይ የሰረቀቻቸውን ድምፆችም አንድ በአንድ ለየኋቸው፤ የሁሉም ባለቤቶች የዚህ አገር ወፎች ናቸው።

ስለዚህ ልጄ፣ እናትሽ ይህን ስትቀዳ ባህር ማዶ ነበረች። ወንድሜ አልዋሸሽም። ሐይቁ ዳር ሄደሽ አትንከራተቺ፤ ሹፌር ከመሪው ይልቅ ወሬ ይወዳል። ሌላ መልስ ልሰጥሽ ብችል ደስ ባለኝ ነበር። እዚህ ያሉትን የስደተኛ ማኅበራት ሁሉ እጠይቅልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ከአሮጌ ካሴት ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ በምን አወጣሽው?

አጎትሽ


ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለአጎቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ተቀይሜ ነው፤ በእርስዎ ሳይሆን በወፏ። ሻንጣዬን ፈታሁት። ላም አለኝ በሰማይ ሆነብኝ እንጂ፣ ልቤስ ሐይቁ ዳር ደርሶ ነበር።

ከአሮጌ ካሴት ይህን የመሰለ ጥርት ያለ ድምፅ በምን አወጣሽው ላሉኝ፣ ይቺማ ሙያዬ ናት። አሮጌ ካሴት ከታች ያጉረመርማል። እኔ ወፍራሙን ድምፅ በሙሉ ቆርጬ ጣልኩት፣ እማዬ ብቻዋን ጠርታ እንድትሰማ። ከማጉረምረሙ መሐል ቡልቅ ቡልቅ የሚል ነገርም ነበረው፤ ካሴቱ የተጨማደደበት ቦታ መስሎኝ እሱንም አስወገድኩት። አባዬ ቢኖር «እጅሽ ይባረክ» ይለኝ ነበር።

ሱቁ ደህና ነው። ሰው ሲበዛብኝ ዕቃ በመስኮት መቀበል ጀምሬአለሁ። ባለፈው ሳምንት የገጠመኝን ልንገርዎትና ይሳቁ። አንዲት እናት ትንሽ ሬዲዮ በፎጣ ጠቅልለው መጡ። ክፉኛ ያስላቸዋል፤ አፋቸውን በሻርፕ ሸፍነው ነው የሚያወሩት፣ ድምፃቸውም ተዘግቷል። ሬዲዮውን ስከፍተው አንዲት ሽቦ ናት የተነቀለችው፤ ያውም ሰው ሆን ብሎ የነቀላት ትመስላለች። «ቁጭ ብዬ ልጠብቅ?» ሲሉኝ የአባዬን ወንበር ሰጠኋቸው። መሞቱን ሰምተዋል፤ የድሮ ደንበኛ ይሆናሉ። ሥራ ጠየቁኝ፣ ጤና ጠየቁኝ፣ ምሳ የት እንደምበላ ሳይቀር ጠየቁኝ። ከዚያ «እናትስ የለሽም?» አሉኝ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንዲሉ፣ ለማላውቃቸው ሰው የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት። «ባህር ማዶ ናት። አጎቴ በወፍ አረጋግጦልኛል። የረሳችኝን እናት ምን ላደርጋት? ዛሬ ብትመጣ በሩን አልከፍትላትም» አልኳቸው። «በወፍ?» ብለው ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠባቸውና ውኃ ሰጠኋቸው።

ስጨርስ እንደ ልማዴ ብሎኑ ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ የጥፍር ቀለም አሳረፍኩበት፤ ሌላ ሰው ከፍቶት እንደ ሆነ የማውቀው በሷ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» አሉኝ። «ፊርማዬ ነው» አልኳቸው። በጣታቸው ሊነኩት ሲሉ «አልደረቀም፣ ይቆዩ!» ብዬ ጮኽኩባቸው። ፎጣቸውን ረስተው ሄዱ፤ አጥቤ አስቀምጬላቸዋለሁ።

ይኸው ነው ወሬዬ። እርስዎም ራስዎን ከብርድ ይጠብቁ።

ብሎን


ጥር 19

ይድረስ ለአጎቴ፣

ምን ነካዎት? ያለ ሰላምታ የጻፉልኝ ደብዳቤ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ምክንያቱን ሳይነግሩኝ ማዘዝ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ተማሩ?

ያሉኝን አድርጌአለሁ። ካሴቱን ራሱን፣ ሳልነካው፣ ከነማጉረምረሙ በአደራ ፖስታ ልኬዋለሁ። ሌላ የለኝምና ይጠንቀቁልኝ።

ስለ ሴትዮዋ ለጠየቁኝ፣ ቁመታቸው እንደ እኔ ነው። ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም፤ እኔ የማየው ሬዲዮውን ነበር። አዎ፣ ሬዲዮውን የተቀበሉኝ በግራ እጃቸው ነው። ድምፁን ከፍ ዝቅ አድርገው የሞከሩትም በግራ። ይህን እዚያ ሆነው በምን አወቁ? የእግራቸውን ቀለም አለመጠየቅዎ ይገርመኛል።

ቀልዴን ነው። ግን ቶሎ ይመልሱልኝ። ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ብየዳውን ጥዬ እነሣለሁ። ፎጣውን ከመሳቢያ አውጥቼ አሸተትኩት፤ የሳሙና ሽታ ብቻ ነው ያለው።

ብሎን


የካቲት 5

ልጄ፣

ቴሌግራሜ ቀድሞ ከደረሰሽ ይህን የምታነቢው ከመንገድ ስትመለሺ ነው። ካልደረሰሽ ግን እዚህ ላይ አቁሚና ተነሺ። ወደ ሐይቁ ሂጂ። ቀሪውን አውቶቡስ ውስጥ ታነቢዋለሽ።

ተሳስቻለሁ። «ወፍራሙን ድምፅ ቆርጬ ጣልኩት» የሚለውን መስመርሽን ሳነብ ነው ልቤ የደነገጠው፤ ሰላምታ ያስረሳኝም እሱ ነው። ያልነካሽው ካሴት ትናንት ደረሰኝ። አንቺ የካሴት መጨማደድ የመሰለሽ ያ ቡልቅ ቡልቅ የሚል ድምፅ ወፍ ነው። ትልቅ፣ ሰነፍ፣ ደንገል ውስጥ የምትሽሎከሎክ ወፍ፤ ድምፅዋ ውኃ ከጠርሙስ ሲንቆረቆር ነው የሚመስለው። እኔና አባትሽ ልጆች ሆነን «ውኃ ቀጂዋ» እንላት ነበር። ይቺ ወፍ የትም አትሄድም። ከተፈለፈለችበት ደንገል ርቃ አታውቅም፤ እዚህ አገር አንዲት የለችም። ከሷ በላይ የደንገል ዘማሪዋ ትዘምራለች። ሁለቱ በአንድ መስኮት ሥር የሚሰሙት እናንተ ዘንድ፣ ሐይቁ ዳር ብቻ ነው።

ዘማሪዋ እናንተ ዘንድ አትዘምርም ያልኩሽ መጽሐፍ አይቼ ነው፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የዚህ አገር ወፎችን ድምፅ ሰማሁ ያልኩሽ እውነት ነው፣ ሰምቻለሁ። ግን ሌባ ናት አላልኩሽም? የሰረቀችውን ይዛ ነው የምትጓዘው። ዘፈኗ የት እንደ ነበረች ይናገራል እንጂ የት እንዳለች አይናገርም። ይህን ለተማሪዎች የማስተምር እኔ ነኝ። ካሴትሽን ስሰማ ግን ወንድሜ «ባህር ተሻግራለች» ብሎ የጻፈልኝ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። የሰማሁት ወንድሜን ነው፤ ወፏን አልሰማኋትም።

አባትሽ ለምን እንደ ዋሸን አላውቅም፣ ልጠይቀውም አልችልም። በሁለቱ መካከል የሆነውን ሁለቱ ናቸው የሚያውቁት። እወደው ነበር። ዛሬ ግን ተናድጄበታለሁ፤ ቀብሩ ላይ ያላለቀስኩትን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩት።

ስለዚያች ሴትዮ ልንገርሽ። እናትሽ ግራኝ ናት። በሠርጉ ሳምንት አባትሽ «ጨው በግራዋ ስለምታቀብለኝ ነው ምግቡ የማይጣፍጠኝ» እያለ ያበሽቃት ነበር። ግራኝ ሴት ብዙ እንዳለች አውቃለሁ፤ በአንድ ምልክት ወፍም አትለይም። ግን ግራ እጅ፣ ያንቺ ቁመት፣ ሆን ተብላ የተነቀለች ሽቦ፣ «እናትስ የለሽም?» የሚል ጥያቄ። በእኔ ሙያ ይህን ያህል ምልክት ከተገኘ ስሟ ይጻፋል።

ልጄ፣ «አትንከራተቺ» ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሻንጣሽን ያስፈታሁሽ እኔ ነኝ። በሰላም አግኝተሻት ሁለታችሁም ሰድባችሁ ጻፉልኝ፤ ሌላ ምንም አልመኝም።

አጎትሽ


የካቲት 27

ይድረስ ለአጎቴ፣

በቴሌግራም «እሷ ናት ወይ?» ብለው ደጋግመው ጠይቀውኛል። አጭሩን መልስ መላክ አቅቶኝ ነው ዝም ያልኩት። እሷ ነበረች።

ቴሌግራምዎ በደረሰኝ ማግስት ነው የሄድኩት። ቦታው ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ነው። ደንገሉ በርሜል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ሴቶቹ በሁለት ረድፍ መሬት ላይ ተቀምጠው ምንጣፍ ይሠራሉ። በሩ ላይ ስቆም ሁሉም ሥራቸውን አቆሙ። አንዲት ትልቅ ሴት ስሜን ሳይጠይቁኝ ተነሥተው «ሬዲዮ ጠጋኟ ነሽ አይደል?» አሉኝ። ከዚያ አቀፉኝ፤ ሲያቅፉኝ አወቅኩ።

ጥር ሲጋመስ ነው የሞተችው፤ ሳንባዋ ነው። ካሴቱን ለፖስታ ቤት ሳስረክብ፣ ከደረሰኙ ቀን እንዳየሁት፣ ገና መቀበሯ ነበር። «አትንከራተቺ» ያሉበት ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ግን በሕይወት ነበረች፣ እዚያው ዳስ ውስጥ ተቀምጣ።

«እዚህ የማያውቅሽ የለም» አሉኝ ሴትዮዋ። «የት እንደምትማሪ፣ መቼ እንደ ተመረቅሽ፣ ሱቁን መያዝሽን፤ ከከተማ የመጣ ሹፌር ሁሉ ወሬሽን ይጠየቃል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽ።» አባዬ በሕይወት እስካለ ደጁ ላትደርስ ቃል አስገብቷት ኖሯል። ለምን እንደ ሆነ ለእነሱም አልነገረቻቸውም። ቃሏን ጠበቀች። መሞቱን ስትሰማ ግን፣ እያመማት፣ የደህና ሬዲዮዋን ሽቦ በገዛ እጇ ነቅላ መጣች።

አጎቴ፣ እኔ የሬዲዮ ሕመም በጆሮዬ የማውቅ ሰው ነኝ። ያንን ካሴት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ስታወራኝ አላወቅኋትም። ስለዚህ በወፏ የተነሣ እርስዎን መስደብ አይቻለኝም። እርስዎ ከባህር ማዶ አልሰማ አሉ፤ እኔ ክንድ በማትሞላ ርቀት። ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፤ የእኔን የሚቀበልልኝ ነው ያጣሁት።

ክፍሏ ውስጥ ሁለት ቀን ሰነበትኩ። አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። ጠዋት ወፏ ዘመረች፣ ከታች ውኃ ቀጂዋ ተንቆረቆረች። ቀድቼ ልኬልዎታለሁ። ምንም አላጠራሁትም፤ የሴቶቹ ሳቅ፣ የውሻ ጩኸት፣ ሁሉም አለበት። ዘማሪዎቹ በቅርቡ ወደ እርስዎ እንደሚነሡ ነግረውኛል። እነሱ ሲሄዱ እርስዎ ቢመጡ ምን ይመስልዎታል? የእሷንም የአባዬንም መቃብር አሳይዎታለሁ፤ አብረን እንሄዳለን። እኔም ሌላ ሰው የለኝም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለማንም አልነገርኩትም።

ሬዲዮዋ ዳሱ ውስጥ መደርደሪያ ላይ ትዘፍናለች፤ ሴቶቹ እየሰሟት ይሠራሉ። አውርጄ ገለበጥኳት። ቀይዋ ነጥብ ብሎኑ ላይ አለች፣ ጠርዟ ላይ በጣት ተነክታ ትንሽ ተዝርክርካለች። ማንም አልከፈታትም። ሴትዮዋ አይተውኝ «ሲብስባት ለእኛ ሰጠችን» አሉ። «ያን ቀን ከከተማ ስትመለስ ደስታዋ ሌላ ነበር። ‹ወንበር ሰጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ› ትለናለች። በኋላ ሬዲዮውን ስትሰጠን ‹ከተበላሸ ሌላ ሰው እንዳይነካው፣ ልጄ ጋ ውሰዱት› አለችን። ‹በሩን ባትከፍትላችሁም በመስኮት ትቀበላችኋለች።› ይሄ የመጨረሻው ምን ማለት እንደ ሆነ አልገባንም። አንቺ ይገባሻል?»

አልገባኝም አልኳቸው።

ሬዲዮዋን ውሰጃት ብለውኝ ነበር፤ አልወሰድኳትም። ደህና ትሠራለች። አንድ ቀን መበላሸቷ አይቀርም፣ ያን ጊዜ ይዘውልኝ ይመጣሉ። መስኮቱን ዘግቼዋለሁ። ዕቃ የምቀበለው በበሩ ነው።

ልጅዎ ብሎን